ዶክተር ቻርልስ ድሩና የደም ባሕርይ

ከሰው አካል ክፍሎች ሁሉ እንደ ደም ብዙ የተነገረለት የለም። ዝምድና በደም ይቆጠራል፤ ቂም በደም ይመለሳል፤ ቃል ኪዳንም በደም ይታተማል። ሰው ስለ ደም ይህን ያህል ሲናገር ቢኖርም፣ በሥሮቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ቀይ ፈሳሽ ከምን ከምን እንደተሠራና ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሊተላለፍ የሚችለው በምን ሁኔታ እንደሆነ በትክክል መረዳት የጀመረው ግን በቅርብ ዘመን ነው። ለዚህ ዕውቀትና በተለይም ዕውቀቱን ሥራ ላይ ለማዋል የየድርሻቸውን ካበረከቱት ሰዎች መካከል ጥቁር አሜሪካዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ቻርልስ ሪቻርድ ድሩ አንዱ ነው። የድሩ ዕድሜ አጭር ነበር፤ አርባ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በዚህ አጭር ዕድሜው የሰውን ደም ለይቶ፣ አጥርቶና ጠብቆ ባሕር ማሻገር እንደሚቻል አሳየ። ወዲያውም የገዛ አገሩ ደምን በሰጪው የቆዳ ቀለም ከፋፍላ ስታስቀምጥ ለማየት በቃ።

ድሩ የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 3 ቀን 1904 በዋሽንግተን ከተማ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ምንጣፍ በማንጠፍ ሥራ የሚተዳደር ሠራተኛ ሲሆን፣ እናቱ ለመምህርነት የተማረች ሴት ነበረች። ለወላጆቹ የበኩር ልጅ በመሆኑ ገና በልጅነቱ ጋዜጣ እየሸጠ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ርዕሰ ከተማ ጥቁሮችና ነጮች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች የተለያዩ ነበሩ። ድሩ የገባበት ደንባር የተባለው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን በመላው አገሪቱ የታወቀ ነበር፤ ምክንያቱም ከፍተኛ ትምህርት የተማሩ ጥቁሮች በሌላ መሥሪያ ቤት በር ስለሚዘጋባቸው፣ ብዙዎቹ በዚያ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። መድልዎ ያመጣው በጎ ነገር ቢኖር ምናልባት ይህ ብቻ ነው።

በ1920 ድሩ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ታናሽ እኅቱ ኤልሲ በሳንባ ነቀርሳ ላይ ኢንፍሉዌንዛ ተጨምሮባት ሞተች። ሐኪም የመሆን ሐሳብ በልቡ ማደር የጀመረው ከዚህ ሐዘን በኋላ እንደሆነ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። ሆኖም የዚያን ጊዜው ድሩ ከመጽሐፍ ይልቅ በሩጫና በኳስ የታወቀ ልጅ ነበር። በ1922 ትምህርቱን ጨርሶ አምኸርስት ወደተባለው ኮሌጅ የሄደውም በስፖርት ችሎታው ምክንያት በተሰጠው ድጋፍ ነው። በዚያ ኮሌጅ የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ድሩ በአሜሪካ እግር ኳስም ሆነ በመሰናክል ሩጫ ከሁሉ ልቆ ይታይ ነበር፤ በትምህርቱ ግን መካከለኛ ነበር። በጨዋታ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም የሐኪሞቹን ሥራ በቅርብ ማየቱ፣ እንዲሁም የሥነ ሕይወት መምህሩ ማበረታታት ልቡን ወደ ሕክምና መለሰው።

ፍላጎቱ ቢኖርም ገንዘቡ አልነበረም። ስለዚህ በ1926 ከኮሌጅ እንደተመረቀ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ በሞርገን፣ ሥነ ሕይወትና ኬሚስትሪ እያስተማረ፣ የስፖርት ክፍሉንም እየመራ ሁለት ዓመት ቆየ። ያጠራቀመውን ይዞ በ1928 ወደ ካናዳ በመሻገር በሞንትሪያል ከተማ በሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርስቲ ሕክምና መማር ጀመረ። በአምኸርስት መካከለኛ የነበረው ተማሪ እዚህ ሌላ ሰው ሆነ፤ በ1933 ሲመረቅ ከ137 ተማሪዎች መካከል ሁለተኛ ወጣ።

በማክጊል ካስተማሩት መምህራን አንዱ ከብሪታኒያ የመጣ ጆን ቢቲ የተባለ ሐኪም ነበር። መምህሩና ተማሪው ወዳጆች ሆኑ፤ ድሩም ስለ ደም ዝውውርና ደም ስለ መስጠት ማጥናት የጀመረው ከቢቲ ጋር ነው። በዚያን ጊዜ ደም ከሰው ወደ ሰው ማስተላለፍ አዲስ ነገር አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ባፕቲስት ዴኒ የበግ ደም ለሰው እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ነገር ግን ደም የተሰጣቸው አንዳንዶቹ ሲድኑ ሌሎቹ ወዲያው ይሞቱ ስለነበር፣ ምክንያቱም ስላልታወቀ፣ ሥራው ለብዙ ጊዜ ተትቶ ቆየ።

ምሥጢሩን የፈታው በቪየና ከተማ ይሠራ የነበረው ካርል ላንድስታይነር ነው። ላንድስታይነር የራሱንና የሥራ ባልደረቦቹን ደም እየወሰደ፣ የአንዱን ቀይ የደም ሕዋሳት ከሌላው የደም ውሃ ጋር ቢቀላቅል አንዳንዱ በሰላም ሲዋሐድ፣ አንዳንዱ ግን ተጓጉሎ ተመለከተ። በዚህም ምክንያት የሰው ደም ዓይነት ልዩ ልዩ መሆኑን በ1901 አስታወቀ፤ በ1902 ደግሞ ተባባሪዎቹ አራተኛውን ዓይነት ጨመሩበት። እነዚህም ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ የሚባሉት ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው በቀይ ሕዋሳቱ ገጽ ላይ ካሉት ምልክቶች ነው። የኤ ዓይነት ደም ያለው ሰው፣ የቢን ምልክት እንደ ጠላት ቆጥረው የሚያጠቁ ጸረ አካል የሚባሉ ፕሮቲኖች በደሙ ውሃ ውስጥ አሉት። ስለዚህ የቢ ደም ቢሰጠው እንግዶቹ ሕዋሳት እየተጣበቁና እየፈረሱ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላሉ። ላንድስታይነር ለዚህ ሥራው በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አራቱም የደም ዓይነቶች መጠናቸው ይለያይ እንጂ በአፍሪካም፣ በአውሮፓም፣ በእስያም ይገኛሉ። ነጭ ሰው ከገዛ ወንድሙ የማይስማማውን ደም፣ ዓይነቱ ተመሳሳይ ከሆነ ጥቁር ሰው በሰላም ሊቀበል ይችላል።

ድሩ በሞንትሪያል ሁለት ዓመት በሆስፒታል ከሠለጠነ በኋላ በ1935 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በሐዋርድ ዩኒቨርስቲ የሕክምና ፋኩልቲ መምህር ሆነ። ሐዋርድ በዘመኑ ጥቁር ሐኪሞች ከሚሠለጥኑባቸው ጥቂት ቦታዎች ዋነኛው ሲሆን፣ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ፍሪድመንስ ሆስፒታል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነፃ ለወጡ ባሮች የተቋቋመ ነው። በ1938 ለከፍተኛ ትምህርት የገንዘብ እርዳታ አግኝቶ ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲና ከእርሱ ጋር ወደ ተያያዘው ፕረስቢቴሪያን ሆስፒታል ሄደ። በዚያም የጆን ስከደር የምርምር ቡድን አባል ሆነ። ቡድኑ ያጠና የነበረው፣ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ክፉኛ የቆሰለ ሰው ለምን እንደሚሞትና ደምን ሳይበላሽ ማቆየት የሚቻለው እንዴት እንደሆነ ነው። ድሩ ከዚህ ሥራ ጎን ለጎን የቀዶ ጥገና ሥልጠናውን በበሽተኞች አልጋ አጠገብ የመከታተል ዕድል አገኘ፤ ይህም በዚያ ሆስፒታል ለጥቁር ሐኪም ከዚያ በፊት ያልተፈቀደ ነበር።

የምርምሩን ችግር ለመረዳት አስቀድሞ የደምን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም ይገኛል። ይህ ደም እንዳይረጋ ተደርጎ በረጅም ብርጭቆ ቢቀመጥ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከላይና ከታች ይለያል። ከታች የሚዘቅጠው ጥቁር ቀይ ክፍል የቀይ ሕዋሳት ክምችት ነው። ከላይ የሚንሳፈፈው፣ መልኩ እንደ ገለባ ቢጫ የሆነው ፈሳሽ ደግሞ ፕላዝማ ይባላል፤ ከጠቅላላው ደም ከግማሽ የሚበልጠው እርሱ ነው። በሁለቱ መካከል እንደ ስስ ሽፋን የምትታይ ነጣ ያለች መስመር አለች፤ እርሷም ነጭ የደም ሕዋሳትንና ፕላትሌት የሚባሉትን ደቃቅ ክፍሎች የያዘች ናት።

ለደም መልኩን የሚሰጡት ቀይ ሕዋሳት እጅግ ብዙ ናቸው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ አምስት ሚሊዮን ያህል ይገኛሉ። በውስጣቸው ብረት ያለበት ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ስላለ፣ ከሳንባ ኦክሲጅን ተሸክመው ለመላው ሰውነት ያድላሉ። በአጥንት መቅኒ ውስጥ እየተሠሩ ይወጣሉ፤ አራት ወር ያህል ካገለገሉ በኋላ ይፈርሳሉ፤ በምትካቸውም ሌሎች ይተካሉ። ጤነኛ ሰው ከደሙ ጥቂት ቢሰጥ የማይጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። ነጭ ሕዋሳት በቁጥር ከቀዮቹ እጅግ ያንሳሉ፤ ሥራቸውም እንደ ዘበኛ ነው፤ ወደ ሰውነት የሚገቡትን የበሽታ ተሕዋስያን ይዋጋሉ። ፕላትሌቶች ደግሞ የደም ሥር ሲቀደድ ቀዳዳው ላይ ተጠራቅመው ይደፍኑታል።

ፕላዝማ ከመቶ ዘጠና እጅ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ሲያዩት የረባ ነገር አይመስልም። ነገር ግን የሰውነት ገበያ የሚካሄደው በእርሱ ነው። ከአንጀት የተገኘው ምግብ፣ ልዩ ልዩ ጨዎች፣ ከዕጢዎች የሚመነጩት ሆርሞኖች፣ ወደ ኩላሊት ሄዶ የሚጣለው ቆሻሻ ሁሉ የሚጓጓዘው በፕላዝማ ነው። ደምን የሚያረጋው ፋይብሪኖጅን፣ በሽታን የሚከላከሉት ጸረ አካላት፣ እንዲሁም አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን በውስጡ ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለድሩ ታሪክ ዋናው አልቡሚን ነው። አልቡሚን ውሃን ወደ ራሱ ስቦ በደም ሥር ውስጥ ያቆያል። አንድ ቁስለኛ ብዙ ደም ሲፈሰው በሥሮቹ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ይጎድላል፤ የደም ግፊቱ ይወድቃል፤ ልቡ የሚረጨው ነገር ያጣል፤ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ ላብም ያጠምቀዋል። ሐኪሞች ሾክ የሚሉት ይህን ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የጨው ውሃ ብቻ ቢሰጠው አብዛኛው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሥሮቹ ወጥቶ በሥጋው ውስጥ ይሰርጋል። ፕላዝማ ቢሰጠው ግን በአልቡሚኑ ኃይል በሥሮቹ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ወደ ቀዶ ጥገና ሐኪም እስኪደርስ ድረስ ነፍሱን ያቆይለታል።

ድሩና ባልደረቦቹ በ1939 በፕረስቢቴሪያን ሆስፒታል ለሙከራ ያህል የደም ባንክ ከፈቱ። ደም ከሰው ሥር በወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚረጋ በመሆኑ፣ ሲትሬት የሚባል ጨው እየጨመሩ ያቆዩታል፤ ሲትሬት ለመርጋት የሚያስፈልገውን ካልሲየም ይይዛልና። ከዚያም በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡታል። ይሁን እንጂ ደም በጠርሙስ ውስጥም ሆኖ ያረጃል። ቀይ ሕዋሳቱ ቀን በቀን እየደከሙ በውስጣቸው ያለውን ፖታሲየም ወደ ፕላዝማው ያፈሳሉ፤ ፖታሲየም ደግሞ ሲበዛ ልብን የሚያውክ ነገር ነው። የቡድኑ አባላት ቅዝቃዜው፣ የሚጨመረው መድኃኒት፣ የጠርሙሱ ቅርፅና የመንገድ ንቅናቄ ሳይቀር በደሙ ላይ የሚያመጡትን ለውጥ አንድ በአንድ ለኩ። እንዲህ ያለው ሥራ ድካሙ ብዙ፣ ዝናው ጥቂት ነው። በውጤቱም ሙሉ ደም በዚያን ዘመን ዘዴ ከጥቂት ቀናት በላይ በደኅና ሊቆይ እንደማይችል፣ ከሕዋሳቱ የተለየው ፕላዝማ ግን ለብዙ ሳምንታት እንደሚቆይ ተረጋገጠ።

ፕላዝማ ሌላም ጥቅም ነበረው። ቀይ ሕዋሳት ስለሌሉበት ከብዙ ሰዎች የተገኘው በአንድነት ሲቀላቀል፣ የአንዱ ጸረ አካል በሌላው እየቀጠነ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ የተቀባዩን የደም ዓይነት ለመመርመር ጊዜ በማይገኝበት የጦር ሜዳ ለማንኛውም ቁስለኛ ሊሰጥ ይችላል። (የብዙ ሰው ፕላዝማ መቀላቀሉ የጉበት በሽታን ከአንዱ ወደ ብዙዎች እንደሚያዛምት የታወቀው ቆይቶ ስለሆነ፣ ያ ዘዴ በኋላ ተትቷል።) ድሩ ይህን ሁሉ በአንድ ትልቅ ድርሰት አጠናቅሮ በ1940 ለኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ በማቅረብ በሕክምና ሳይንስ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። በዚያ ዩኒቨርስቲ ይህን ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እርሱ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ሌኖር ሮቢንስ የተባለች የኮሌጅ መምህርት አግብቶ ነበር፤ በኋላም አራት ልጆች ወለዱ።

ድርሰቱ ቀርቦ ገና ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱ ለሥራ ፈለገው። በ1940 ክረምት ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ወድቃ ብሪታኒያ ብቻዋን ቀረች፤ በሴፕቴምበር ወር የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ከሌሊት ይደበድቡ ጀመር። የኒው ዮርክ ሐኪሞች ለእንግሊዝ ቁስለኞች ፕላዝማ ለመላክ አንድ ፕሮግራም አቋቋሙ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሆስፒታል በየራሱ ዘዴ ይሠራ ስለነበር ጥራቱ የተለያየ፣ በተሕዋስያን የተበከለውም ቀላል ያልሆነ ሆነ። በዚያው ጊዜ የቀድሞው መምህሩ ቢቲ በአገሩ ለቁስለኞች ደም የማዘጋጀት ኃላፊነት ላይ ስለነበር፣ ብዙ ሺህ ጠርሙስ ፕላዝማ እንዲያዘጋጅለት በቴሌግራም ድሩን ለመነው። ድሩ ወደ ሐዋርድ ተመልሶ የነበረ ቢሆንም ፈቃድ ተቀብሎ በመጸው ወራት ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰና የፕሮግራሙ የሕክምና ዳይሬክተር ሆነ።

ድሩ ያደረገው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በሁሉም ሆስፒታል ሥራው አንድ ዓይነት እንዲሆን አደረገ። ደም የሚቀዳበት ዕቃ አንድ ሆነ፤ ሠራተኞቹ ሠለጠኑ፤ ሰጪው ጤነኛ መሆኑ ይመረመር ጀመር። ደሙ በሲትሬት ተቀድቶ በብርድ ከተቀመጠ ወይም በመሣሪያ ተሽከርክሮ ከዘቀጠ በኋላ፣ ፕላዝማው አየር እንዳይነካው በጥንቃቄ እየተመጠጠ ወደ ትልቅ ጠርሙስ ይገባል። ከዚያም ናሙና ተወስዶ ተሕዋስያን ይበቅሉበት እንደሆነ ይታያል፤ በንጹሕ የጨው ውሃ ይቀጥናል፤ ይታሸጋል፤ ከመጫኑም በፊት እንደገና ይመረመራል። አንድ የተበከለ ጠርሙስ በለንደን አንድ ሰው ሊገድል ስለሚችል በዚህ ጉዳይ ይቅርታ የሚባል ነገር አልነበረም። ፕሮግራሙ በ1941 መጀመሪያ፣ ብሪታኒያ ለራሷ የሚበቃትን ማዘጋጀት ስትጀምር፣ ተዘጋ። እስከዚያ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ደማቸውን ሰጥተው፣ ከ5,000 ሊትር በላይ የተዘጋጀ ፕላዝማ አትላንቲክን ተሻግሮ ነበር።

ስለ ድሩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሁሉ ትክክል አይደለም። ፕላዝማን ያገኘው ወይም የደም ባንክን የፈለሰፈው እርሱ ነው የሚሉ አሉ። በሶቪየት ኅብረት ሐኪሞች ደምን ማከማቸት የጀመሩት ከእርሱ በፊት ነው፤ የደም ባንክ የሚለውን ስም ያወጣውም በ1937 በቺካጎ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ክፍል ያቋቋመው በርናርድ ፋንተስ ነው። የድሩ ትልቅነት በሌላ በኩል ነው። የተበታተነውን የብዙ አገር ዕውቀት መርምሮ እውነቱን ከግምቱ ለየ፤ ከዚያም በቤተ ሙከራ በጥቂት ጠርሙስ የተሠራው ነገር በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሚሳተፉበት ሥራ ላይ ሳይበላሽ እንዲደገም አደረገ።

የብሪታኒያው ፕሮግራም እንዳበቃ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ለአገሪቱ ጦር የደረቀ ፕላዝማ በብዛት ማዘጋጀት ፈለገ። የደረቀው ፕላዝማ እንደ ዱቄት ስለሆነ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሲፈለግ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ድሩ በኒው ዮርክ የተከፈተውን የሙከራ ጣቢያ እንዲመራ ተመረጠ፤ ደም መቅጃ መሣሪያና ማቀዝቀዣ የያዙ መኪናዎች ወደ ሰጪዎቹ አካባቢ እንዲሄዱም አደረገ። በዚያ ጣቢያ የተሞከረው አሠራር በመላ አገሪቱ ተስፋፍቶ፣ ጦርነቱ እስኪያበቃ ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ጠርሙስ ደም ተሰበሰበ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ጦሩ አንድ ነገር አዘዘ። በ1941 ማብቂያ ላይ ቀይ መስቀል ከጥቁሮች ደም እንደማይቀበል ተገለጠ። ተቃውሞ ሲበዛ በጃንዩዋሪ 1942 ውሳኔው ተሻሻለ፤ ጥቁሮች ደም መስጠት ይችላሉ፤ የሰጡት ደም ግን ምልክት ተደርጎበት ከነጮቹ ተለይቶ ይቀመጣል ተባለ። በመጀመሪያው ትእዛዝ መሠረት የዚያ የደም አገልግሎት አቋቋሚ የነበረው ሰው ራሱ ደሙን ሊሰጥ ቢመጣ ከበር ይመለስ ነበር።

ድሩ ሥራውን የለቀቀው በዚህ ትእዛዝ ተቆጥቶ ነው የሚል ታሪክ በሰፊው ይወራል። የቀኖቹ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም፤ እርሱ በ1941 የጸደይ ወራት፣ ትእዛዙ ከመውጣቱ በፊት፣ ወደ ሐዋርድ ተመልሶ ነበር። ዝም ብሎ ግን አላለፈውም። የጥቁርና የነጭ ደም የሚለያይበት አንዳችም የሳይንስ ማስረጃ እንደሌለ በግልጽ ተናገረ፤ ጻፈም። በሰው ደም ውስጥ የትኛውም መርማሪ በማጉያ መነጽር አይቶ የባለቤቱን የቆዳ ቀለም ሊያውቅ አይችልም። ሄሞግሎቢኑ አንድ ነው፤ አልቡሚኑ አንድ ነው፤ ልዩነት ካለም ልጁን ከአባቱ ሊለይ የሚችለው የኤ፣ የቢና የኦ ልዩነት ነው። ፕላዝማ ደግሞ የቀይ ሕዋሳቱ ልዩነት እንኳ የሌለበት ስለሆነ፣ እርሱን በዘር መለየት ከሁሉ የባሰ ትርጉም የለሽ ሥራ ነበር። ጦሩም ቢሆን ይህን ከሐኪሞቹ ሰምቶ ያውቅ ነበር፤ የፈራው የነጮችን አስተያየት ነው።

ድሩ ከዚያ በኋላ ወደ ደም ምርምር አልተመለሰም። በሐዋርድ የቀዶ ጥገና ክፍል ኃላፊና የፍሪድመንስ ሆስፒታል ዋና የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆኖ የቀሩትን ዘጠኝ ዓመታት በማስተማር አሳለፈ። ምናልባት ከሕይወቱ ሥራዎች ይህኛው ከፕላዝማው የሚያንስ አይደለም። በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ ሆስፒታሎች ጥቁር ሐኪሞችን ለቀዶ ጥገና ሥልጠና ስለማይቀበሉ፣ የተፈተነ ጥቁር የቀዶ ጥገና ሐኪም በመላ አሜሪካ እጅግ ጥቂት ነበር። ድሩ ተማሪዎቹን ያለ ምሕረት ያሠራ ነበር፤ ለጥቁር ሐኪም የሚደረግ የፈተና ማቅለል እንዲኖር አይፈልግም ነበርና። ከ1941 እስከ 1950 በአሜሪካ የቀዶ ጥገና ቦርድ ተፈትነው የምስክር ወረቀት ካገኙት ጥቁር ሐኪሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእርሱ እጅ የሠለጠኑ ናቸው። ራሱ የዚሁ ቦርድ ፈታኝ ሆኖ ሳለ፣ የሚኖርበት ከተማ የሐኪሞች ማኅበር ጥቁሮችን ስለማይቀበል የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባል መሆን አልቻለም። በጉዳዩ ላይ ደጋግሞ ቢጽፍም መልሱ አልተለወጠም። በ1944 የጥቁሮች መብት ማኅበር ስፒንጋርን የተባለውን ሽልማት ሰጠው።

ማርች 31 ቀን 1950 ድሩ እንደ ልማዱ ሲሠራ ውሎ አመሸ። ከሌሎች ሦስት ሐኪሞች ጋር በአላባማ ግዛት በተስኪጊ በየዓመቱ ወደሚካሄደው የሐኪሞች ስብሰባ መሄድ ስለነበረበት፣ ሌሊቱን በመኪና ጉዞ ጀመሩ። በማግሥቱ ማለዳ፣ ኤፕሪል 1 ቀን፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በርሊንግተን ከተባለች ከተማ አጠገብ ሲደርሱ መሪውን የያዘው ድሩ ነበር። ድካም አሸንፎት እንቅልፍ ወሰደው፤ መኪናውም ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ሦስቱ ሲተርፉ እርሱ ደረቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ በከተማዋ ሆስፒታል ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ከሞቱ በኋላ አንድ ወሬ ተነሥቶ ለብዙ ዓመታት በጋዜጣ፣ በመጽሐፍና በመድረክ ሳይቀር ተደጋገመ። ለሌሎች ደም ያዳረሰው ሐኪም ጥቁር በመሆኑ ሆስፒታሉ አልቀበልም ብሎት፣ ደም ተነፍጎ ሞተ የሚል ነው። እውነቱ እንዲህ አልነበረም። በሆስፒታሉ የነበሩት ነጭ ሐኪሞች ተቀብለው የሚችሉትን ሁሉ አድርገውለታል፤ አብረውት የነበሩት ጥቁር ሐኪሞችም ይህንኑ መስክረዋል። ወደ ልብ የሚመለሰው ትልቁ የደም ሥር ተዘግቶ ስለነበር ደም ቢሰጠውም ሊያድነው አይችልም ነበር። ወሬው እንዲህ የተስፋፋው ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ጥቁር በመሆናቸው ከሆስፒታል በር ተመልሰው የሞቱ ሰዎች በእርግጥ ነበሩና፣ ሰሚው ለማመን አልተቸገረም።

የአሜሪካ ቀይ መስቀል በደም ጠርሙስ ላይ የዘር ምልክት ማድረጉን የተወው ድሩ በሞተበት በዚያው በ1950 ነው። በሉዊዚያና ግዛት ግን የሰጪው ዘር በደሙ ላይ እንዲጻፍ የሚያዘው ሕግ እስከ 1972 ጸንቶ ቆየ።